የሃይድሩን ሦስት ጠብታ

ሃይድሩን ሎብኒትስ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ከንፈሯ አይከፈትም፤ ድምፁ እንደ ንብ ከአፍንጫዋ ሥር ይወጣል። ሐሙስ ሐሙስ ከመዘምራን ጓደኞቿ ጋር ያጠናችውን ዜማ ሳምንቱን ሙሉ በሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ታመነዥከዋለች። አጠገቧ የምንቀመጥ ሰዎች ዜማውን መስማት ከተውን ቆይተናል፤ የምንሰማው ሲቆም ነው። ሲቆም እጇ ጭንቅ ቦታ ደርሷል ማለት ነውና ሳናስበው እኛም ትንፋሻችንን እንሰበስባለን። ሌንሱ ቦታውን ሲይዝ ዜማው ካቋረጠበት ቃል ይቀጥላል፤ እኛም እንተነፍሳለን።

በዚያ መጸው ግን ዜማው ቆመ፤ ለወራትም አልቀጠለም።

ወርክሾፓችን አርባ ሰው አይሞላም። ያለው የና በምትባል ከተማ፣ ከዛሌ ወንዝ ዳር፣ ዛፎቹ ጠንካራ ፍሬያቸውን በመኪናችን ጣሪያ ላይ በሚያንኳኩበት ሰፈር ነው። ለሆስፒታሎች ማይክሮስኮፕ እንሠራለን፤ የሚያሳይ ብቻ ሳይሆን የሚቆርጥም ማይክሮስኮፕ። የአልትራቫዮሌት ሌዘር ከበስተኋላው ይገባል፤ በአንድ ሌንስ ይሰፋል፣ በተዘነበለ መስታወት ይታጠፋል፣ ከዚያም «ዓይን» በምንለው ጣት በሚያህል የነሐስ ቱቦ ውስጥ አልፎ ጫፉ ላይ ይሰበሰባል። እዚያ ጫፍ ላይ ከታማሚ ሥጋ እንደ ቅጠል ሳስቶ ከተቆረጠው ነገር አንዲት ሴል ብቻ ከጎረቤቶቿ ለይቶ ያወጣል። ሐኪሙም ያቺን አንዲት ሴል ይዞ፣ በሽታው ምን እንደሆነ እሷኑ ይጠይቃታል።

ይህ ብርሃን ክፉ ጠባይ አለው። ለዓይን አይታይም፤ መኖሩን የምናውቀው ነጭ ወረቀት ስንደቅንበት ወረቀቱ ሰማያዊ ሲያበራ ነው። ተራ መስታወት ውስጥ ከገባ ተውጦ ይቀራል። ሙጫ ካገኘ ያቃጥላል። ስለዚህ የእኛ «ዓይን» ውስጥ ያሉት ሌንሶች ይህን ብርሃን ከሚያሳልፉ ድንጋዮች፣ ከኳርትዝና ከፍሎራይት፣ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይጣበቅም። በመሀላቸው ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ቀጭን ቀለበት አለ፣ ከቀለበቱ ውስጥ አየር፤ ሌላ ምንም። በሥራው ንድፍ ላይ በቀይ ቀለም «ሙጫ የለም» ተብሎ ተጽፏል።

ሃይድሩን ደግሞ ሙጫ ነበረች።

በአሥራ ስድስት ዓመቷ የከተማው ትልቁ የሌንስ ፋብሪካ ስትቀጠር ሌንስን ከሌንስ ማጣበቅ ነው የተማረችው። ኦቶካር የሚባል፣ ጣቶቹ እንደ ሻማ የነጡ ሽማግሌ ነው ያስተማራት። የጋለ ሰሌዳ፣ እንደ ጥድ ደን የሚሸት ሙጫ፣ ሁለት ሌንሶች፤ በመሀላቸው የአቧራ ቅንጣት እንዳትገባ ትንፋሽን ይዞ መጫን፣ ከዚያ በክብ በክብ እያሹ አየሩን ማስወጣት። «ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ድንበራቸው ይጠፋል» ይላት ነበር ኦቶካር። «ድንበሩ ከታየሽ ገና አልተጋቡም።» አንድ ሌንስ በነሐስ ቤቱ ውስጥ ልቅ ብሎ ሲያስቸግር ደግሞ ሌላ መላ ነበረው፤ በጠርዙ ላይ ሦስት የሙጫ ጠብታ፣ እንደ ሦስት እግር በርጩማ። «ሦስት እግር ያለው ነገር አይነቃነቅም።» ሃይድሩን የኦቶካርን በርጩማ ለራሷ አበጀችው፤ ሁለቱን ጠብታዎች ቀረብ፣ ሦስተኛውን ራቅ አድርጋ ታስቀምጣለች። ፋብሪካው ውስጥ ያንን አቀማመጥ ያየ ሁሉ «የሃይድሩን ነው» ይል ነበር።

አገሩን ለሁለት የከፈለው ግንብ ፈረሰ፣ አገሩ አንድ ሆነ፣ ፋብሪካው ሰው በተነ። አንድ ማክሰኞ ጧት የሠራተኛ ቢሮ ጠርቷት የስንብት ደብዳቤ የያዘች ነጭ ፖስታ ሰጣት፤ መቀበሏን ፈርሚ አሏት፣ ፈረመች። ሦስት ዓመት ዳቦ ቤት ውስጥ ቆማ ሸጠች። «ለሰው ዳቦ ስሰጥ እጄ ይዘነጋና» ትለኝ ነበር፣ «ዳቦውን እንደ ሌንስ በጠርዙ እይዘዋለሁ። ደንበኞቹ ይስቁብኝ ነበር።» ወርክሾፓችን ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች አንዷ ሆና ገባች። እኔ ከእሷ ፊት ለፊት ተቀምጬ የብርሃኑን ጉልበት እለካለሁ፤ መቶ እጅ ብርሃን ልኬ ከዓይኑ ማዶ ስንቱ እንደደረሰ እጽፋለሁ።

ሌንሶቹን የምታጥበው ቱየት ናት። ከግንቡ መፍረስ በፊት ከቬትናም ለፋብሪካ ሥራ መጥታ፣ ፋብሪካው ሲበተን እሷም ተበትና፣ ገበያ ላይ ሹራብ ሸጣ፣ ኋላ እኛ ዘንድ የደረሰች ትንሽ ሴት። አራት ሳህን ትደረድራለች፤ ሳሙና፣ ውሃ፣ የተጣራ ውሃ፣ አልኮል። በመጨረሻ በለስላሳ ወረቀት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ራሷ ትስበዋለች፣ አትደግምም። በየዓመቱ በኅዳር መጨረሻ ነው ውሏ የሚታደሰው።

ከጧቱ ሦስት ሰዓት የቁርስ እረፍት ላይ እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ቤቱ ይደምቃል።

«ሙጫዬ፣ ነይ እንብላ!» ትላለች ቱየት።

«መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።»

«እኔን ነው? እኔ እኮ ስወለድ አዋላጇን ነው ያጠብኳት!»

«ባልሽንስ?»

«እሱን አጥቤ አጥቤ ሳስቶብኛል። ልቅ ብሏል፣ እስቲ ሦስት ጠብታ ጣል አድርጊበት።»

ያኔ ሃይድሩን አብራን ትስቅ ነበር። ሳቋ መሀል የሆነ ነገር ቆም እንደሚል ልብ ያልኩት ቆይቶ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት ነው። እያንዳንዱ «ዓይን» ከመላኩ በፊት መንገድ ላይ እንደሚንገላታ ዕቃ በሚያንቀጠቅጥ ማሽን ላይ ይፈተናል። ከሃይድሩን እጅ የወጡ ሦስት ዓይኖች በተከታታይ ወደቁ። በሦስቱም ውስጥ ሁለተኛው ሌንስ በፀጉር ስፋት እየተነቃነቀ ነበር። ዶክተር ቪግለብ፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ መልካም ሰው ነው፤ ሰውን ሁሉ እንደ ቀመር የሚፈታ ከመሆኑ በቀር። «ወይዘሮ ሎብኒትስ፣ ምናልባት ቀለበቱን ማጥበቅ ላይ እጅዎ ትንሽ ደክሞ ይሆን?» አላት።

እጅዎ ደክሞ። ይህቺ ቃል ገባችባት። በማግሥቱ ከመሳቢያዋ ጥርት ያለውን ሙጫ አውጥታ፣ ከቀለበቱ ሥር፣ ማንም በማያየው ጠርዝ ላይ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ሦስት ጠብታዎች አኖረች። ብርሃኑ የሚያልፈው በመሀል ነው፣ ጠርዙ ምን አገባው ብላ። ወደ አርባ ዓመት ሌንስ የያዘች ሴት ሌንስ ሲንቀጠቀጥ ዝም ብላ ማየት አልሆነላትም። ከዚያ በኋላ አንድም ዓይን አልወደቀም። ዶክተሩ በስብሰባ ላይ «ወርቃማ እጆች» አላት። ያን ስም ከተቀበለች ወዲያ ሙጫውን መተው አልቻለችም።

ሠላሳ አራት ዓይን ወጣ።

ከዚያ ያ መጸው መጣ። ከሰሜን ካለ አንድ ሆስፒታል አንዱ ዓይን ተመለሰ፤ ከደብዳቤ ጋር። «ብርሃኑ ደክሟል። አይቆርጥም፣ ያሳርራል። የታማሚዎቻችን ናሙና እየተበላሸ ነው» ይላል። ለካሁት። መቶ ልኬ አርባ አንድ ደረሰ። በሳምንቱ ከሌላ ሆስፒታል ሁለተኛው መጣ፤ ሠላሳ ስምንት።

የተመለሰን ዓይን የሚፈታው የገጠመው ሰው ነው፤ ደንባችን ነው። ሃይድሩን የመጀመሪያውን ወስዳ ቀለበቱን ፈታች። እያንጎራጎረች ነበር።

ዜማው ቆመ።

ትንፋሼን ሰብስቤ ጠበቅሁ። አልቀጠለም። ቀና ብዬ ሳያት የማጉያ መነጽሯን አንስታ መስኮቱን እያየች ነው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሌንሱ መሀል ላይ የበርበሬ ፍሬ የምታህል፣ ስስ የሻይ እድፍ የመሰለች ቡናማ ነጥብ ነበረች። ቀለበቱ ሥር ደግሞ ሦስቱ ጠብታዎቿ እንደ አሮጌ ማር ቢጫ ሆነዋል። ወዲያው ገባት። ሙጫው በዚያ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ትነት ሲተነፍስ ኖሯል፤ ትነቱ ሌንሱ ላይ ያርፋል፣ ብርሃኑ ደግሞ በሚያልፍበት መሀል ያሳርረዋል። ጠርዝ ላይ ያኖረችው ነገር መሀል ድረስ ሄዶባታል።

ቀለበቱን መልሳ ገጠመችና ለዶክተሩ «መሀሉ ላይ እድፍ አለ» አለችው።

«እድፍ?» አለ። «እድፍ እንግዲህ ከእጥበት ነው የሚመጣው።»

በዚያ ሰዓት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፏን ከፈተች፣ እኔም አየሁ። ግን ስልኩ ጠራው፣ ዶክተሩ ወጣ፣ አፏም ተዘጋ። ሰው አንዳንዴ የሚጠፋው በዚህች በር ነው።

ቱየትን ጠርተው ጠየቋት። ሳህኖቿን አሽገው ውሃዋን ላቦራቶሪ ላኩት። አልኮሏን ቀየሩባት። ከጀርባዋ ቆሞ የሚጽፍ ሰው መደቡባት።

«ምን እየጻፈ ነው ይሄ?» አለች ቱየት ቁርስ ላይ፣ የጉበት ቋሊማ ዳቦዋን ሳትነካው። «ስንቴ እንደተነፈስኩ ነው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥቤያለሁ። አንድ ጊዜ ወደ ራሴ። አንድ ጊዜ!» ወደ ሃይድሩን ዞረች። «አንቺ ታውቂኛለሽ። ንገሪያቸው እንጂ፣ አፍሽንም አጣበቅሽው እንዴ?»

ሃይድሩን «እነግራቸዋለሁ» አለች። ዳቦዋን በጠርዙ ይዛው ነበር።

አልነገረችም። በየቀኑ ጧት ስትገባ ልትናገር ትገባለች፣ ማታ ሳትናገር ትወጣለች። የቀሩት ሠላሳ ሁለት ዓይኖች በየሆስፒታሉ ተቀምጠው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየታወሩ እንደሆነ ታውቃለች። በኅዳር መጨረሻ ደግሞ ወርክሾፑ ሌንስ መያዝ የጀመረችበትን አርባኛ ዓመት ሊያከብርላት ነው፤ ኬኩ ታዟል፣ መዘምራኑ መጥተው ሊዘምሩ ተስማምተዋል። በዚያው ሳምንት የቱየት ውል ያልቃል። ሐሙስ ከመዘምራኑ መሀል ቆማ ድምፅ እንቢ አላት። የመዘምራኑ መሪ «ጉንፋን ነው፣ ሂጂ ተኚ» ብላ ላከቻት። ወደ ቤት አልሄደችም፤ የወንዙን ዳር ይዛ እስከ ድልድዩ ተራመደች። እዚያ ቆማ በልቧ ያለችውን በኋላ ስትነግረኝ እኔ በአገሬ በአማርኛ ዜማ እንዲህ አድርጌ ያዝኩት፦

አንተ ዛሌ ወንዙ፣ ጠጠሩን ምታጥበው፣
ልቤን ይዤ መጣሁ፣ ካልከበደህ እጠበው።

በሰባተኛው ቀን ዶክተሩ ሁለተኛውን ዓይን ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ።

«ይህንንም ይፍቱልኝና ያዩትን ይጻፉ፣ ወይዘሮ ሎብኒትስ። የእጥበቱ እድፍ ከሆነ የወይዘሮ ቱየትን ጉዳይ እንዘጋለን። ውሏን ባናድስ ይሻላል። አዝናለሁ፣ ግን ሆስፒታሎቹ መልስ ይፈልጋሉ።»

ፈታችው። ሦስቱ ቢጫ ጠብታዎች ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከመሳቢያዋ ሙጫ የሚያሟሟውን አሴቶን አወጣች፣ በቀጭን እንጨት ላይ ጥጥ ጠቀለለች፣ ነከረችው። ሦስት ጊዜ ብትነካቸው ያበቃል። ጠብታ የለም፣ ሃይድሩን የለችም፣ የሚቀረው የሌንሱ መሀል እድፍና የቱየት ሳህን ነው። ፊት ለፊቷ ሆኜ ጥጡን አየሁት። ከሌንሱ በላይ ተንሳፍፎ ቆመ። አሴቶን ቶሎ ይተናል፤ ጥጡ እጇ ላይ ደረቀ። እንደገና ነከረችው። እንደገና ደረቀ።

«ሃይድሩን» አልኳት፣ «ምን ሆነሻል?»

«ያቺ ነጭ ፖስታ ትዝ አለችኝ» አለች። «ስትሰጠኝ የሠራተኛ ቢሮዋ ልጅ ዓይኔን አላየችም። አሁን የቱየትን ዓይን የማላየው እኔ ነኝ።» ጥጡን ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ግን አልተነሳችም። ፍርሃት እንደ ሙጫ ነው፤ ወንበሩ ላይ ያጣብቃል። ሌላ ሁለት ቀን አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን ቱየት ሳህኖቿን እያጠበች አገኘናት። ሌንሶቹን አይደለም፣ ሳህኖቹን። አጥባ በፎጣ ትጠቀልላለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለቻት ሃይድሩን።

«የራሴ ናቸው። ከገበያ በራሴ የገዛኋቸው። ፖስታው እስኪመጣ አልጠብቅም።»

ሃይድሩን ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ዓይን አነሳች፣ ቱየትን ክንዷን ይዛ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ወዳለው መለኪያ ክፍሌ አስገባቻት፣ ዶክተሩንም ጠራችው። «መጋረጃውን ዝጊልኝ፣ መብራቱንም አጥፊ» አለችኝ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ነበር፤ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ቀለበቱን በጨለማ በጣቷ ስትፈታ ብረቱ ሲጮህ እሰማ ነበር። ከዚያ አቧራ የምንፈልግበትን ትንሿን የአልትራቫዮሌት ባትሪ አበራች።

በሌንሱ ጠርዝ ላይ ሦስት ሰማያዊ ነጥቦች በሩ። ሁለቱ ቀረብ፣ አንዱ ራቅ ብሎ።

በፀሐይ ያልታየ፣ በሻማ ያልታየ፣
በማይታይ ብርሃን፣ ነገሩ ተለየ።

«ሙጫ ነው» አለች ሃይድሩን። ድምፅዋ እንግዳ ነበር። «የእኔ ነው። አቀማመጡን ዶክተር፣ እርስዎ ላያውቁት ይችላሉ፤ ድሮ ፋብሪካው ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። እድፉ ከእሱ ትነት ነው። ቱየት ንጹሕ ሌንስ ነው የሰጠችኝ፤ ያቆሸሽኩት እኔ። ሠላሳ አራቱም እንዲህ ናቸው።»

«ንድፉ ላይ በቀይ ተጽፎ ነበር እኮ» አለ ዶክተሩ።

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«እጅዎ ደክሟል አሉኝ።»

መብራቱን አበራሁት። ዶክተሩ መሬት መሬቱን ያያል። ሁላችንም ቱየት ሃይድሩንን የምታቅፋት መስሎን ነበር። አላቀፈቻትም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለቻት።

«የመጀመሪያው የተፈታ ቀን።»

«ዘጠኝ ቀን!» አለች ቱየት። ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ ከአልኮልና ከሳሙና ብዛት በየጣቷ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቀዋል። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ እኒህን እያየሽ አብረሽኝ ቁርስ በላሽ። እኔ እኮ በገዛ እጄ መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ሌሊት ተነስቼ፣ ምናልባት ሁለቴ ስቤው ይሆን እላለሁ።» ሳህኖቿን አንስታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አልሄደችም፤ ግን በሃይድሩን በኩል አላለፈችም።

የአርባ ዓመቱ ግብዣ ቀረ። ማንም አልሰረዘውም፤ ሃይድሩን ራሷ ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ደውላ ኬኩን አስቀረች። ዶክተሩ ከሥራ አላስወጣትም፣ አላመሰገናትምም። ለሆስፒታሎቹ ሁሉ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቀድመው ከተመለሱት ሁለቱ በቀር የቀሩት ዓይኖች እየተጠቀለሉ በየሳምንቱ ይመለሱ ጀመር። የቱየት ውል ታደሰ። በደብዳቤዎቹ ላይ «የአገጣጠም ስህተት» ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ስም የለም። ሃይድሩን ግን ቅጂው ላይ በእርሳስ ስሟን ጽፋ በመሳቢያዋ አስቀመጠችው። ናሙናቸው የተበላሸባቸውን ሰዎች ማንም ስማቸውን አያውቅም። ስለ እነሱ አንድ ጊዜ ብቻ አንስታልኛለች። «አንዲት ሴል ነበረቻቸው» አለች። «አንዲት። እሷንም እኔ ድምፅ አሳጣኋት።»

ክረምቱን ሙሉ የገዛ ሥራዋን ፈታች። ትፈታለች፣ ሌንሱን በትሪ ላይ አድርጋ በሁለቱ ጠረጴዛ መሀል ታስቀምጣለች። ቱየት ሳታያት ታነሳለች፣ ሙጫውን በአሴቶን ታወልቃለች፣ በአራቱ ሳህን ታጥባለች፣ አንድ ጊዜ ወደ ራሷ ትስባለች፣ ትሪው ላይ ትመልሳለች። ቃል የለም። ሃይድሩን ደግሞ ያለ ሙጫ መግጠምን እንደ ጀማሪ ተማረች። ችግሩ ከመጀመሪያውም የእጅ ድካም አልነበረም፤ ቀለበቱ በአንድ በኩል ሸፋፋ ሆኖ ይቆረጥ ኖሯል። ያኔ ዓይኑ ሲወድቅ ደፍራ ብትጠይቅ ኖሮ በአንድ ቀን የሚገኝ ነገር። አሁን ጠየቀች፣ ቀለበቱ ተስተካከለ፣ ሌንሱ ሳይጣበቅ ቆመ። እኔም ከፊት ለፊት ሆኜ በልቤ እላለሁ፦

መጣበቅ ፍቅር ነው፣ ብዬ ስጣበቅ፣
ለካ ፍቅር ኖሯል፣ በልክ መራራቅ።

የመጨረሻው ዓይን በመጋቢት ገባ፤ ወንዙ ላይ በረዶው ሲቀልጥ። ሃይድሩን ፈታችው፣ ሌንሱን ትሪ ላይ አኖረችው፣ ወደ መሀል ገፋችው። ቱየት አየችው። ሁለት ጠብታ ቀረብ፣ አንድ ራቅ። አላነሳችውም። ከወንበሯ ተነሳች፣ አራቱን ሳህኖቿን አንድ በአንድ ተሸክማ የሃይድሩን ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው።

«ይቺን አንቺ እጠቢያት» አለች። ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«አልችልበትም።»

«እንደማትችዪበት አውቃለሁ። እጅሽን ታጠቢ መጀመሪያ።»

ሃይድሩን እጇን ታጠበች። ሙጫውን አወለቀች። ሳሙና፣ ውሃ፣ የተጣራ ውሃ፣ አልኮል። ቱየት ከጀርባዋ ቆማለች፣ እጆቿን አጣጥፋ፤ እንደዚያ እንደሚጽፈው ሰውዬ። ሃይድሩን ወረቀቱን ሌንሱ ላይ አኑራ ወደ ራሷ ሳበችው። ጠርዙ ላይ ስትደርስ ልትደግመው ወረቀቱን አነሳች።

«አንድ ጊዜ!» አለች ቱየት።

ወረቀቱን አስቀመጠችው። ሌንሱን ወደ እኔ አመጣችው። ለካሁት። መቶ ልኬ ዘጠና አንድ ደረሰ።

«የእኔ ዘጠና አራት ነው» አለች ቱየት፣ ሳህኖቿን መልሳ እያነሳች። ሦስቱን ወሰደች። አራተኛውን ትታው ሄደች፤ ረስታው ይሁን አውቃ አልጠየቅናትም። ሃይድሩን ሳህኑን ወደ ጠረጴዛዋ ጠርዝ አስጠግታ ቀለበቱን መግጠም ጀመረች። ዜማውን ጠበቅሁ። በዚያ ቀን አልመጣም።